ሰማይን ያረሰው ሰው፦ የኬፕለር ጨረቃና የእናቱ ሰንሰለት

«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ይላል ያገሬ ሰው፤ የማይሞከረውን ሲናገር። ዛሬ ሰማይን ስላረሰ አንድ ሰው ላውጋችሁ። ከአራት መቶ ዓመት በፊት በጀርመን ምድር የኖረ ሰው ነው። ጨረቃ ላይ አንድ ሙሉ ዓለም በብዕሩ ሠርቷል። ለዚያ ዓለም ፀሐይ መቼ እንደምትወጣ፣ ሌሊቱ ስንት ቀን እንደሚፈጅ፣ ነዋሪው ቀና ሲል ምን እንደሚታየው አንድ በአንድ አስልቷል። ይኸው ሰው የገዛ እናቱ በጥንቆላ ተከሳ በሰንሰለት ታስራ አይቷል። ሁለቱ ነገሮች የተያያዙ ናቸው ብሎም እስኪሞት ድረስ ይጸጸት ነበር።

(ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ያዙልኝ።)

«አገር በስንት ጉዳይ ተወጥራ የጨረቃ ወሬ ምን ይሠራልናል?» የሚለኝ አይጠፋም። ትንሽ ታገሡኝ። ነገሩ ከጨረቃ ተነሥቶ እዚሁ እጃችን ላይ ካለው ስልክ ይደርሳል።

ሰውየው ዮሐንስ ኬፕለር ነው። ፕላኔቶች ፀሐይን የሚዞሩበት መንገድ ክብ ሳይሆን ሞላላ መሆኑን ያገኘው እሱ ስለሆነ ስሙን በፊዚክስ ክፍል ሰምተነዋል። ልብ ወለድ መጻፉን ግን ብዙዎቻችን አናውቅም። የመጽሐፉ ርዕስ በላቲን «ሶምኒየም» ነው፤ «ሕልም» ማለት ነው።

የተከለከለው ጥያቄ

ነገሩ የሚጀምረው በ1593 ነው። ኬፕለር በቱቢንገን ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ አንድ ጥያቄ ለክርክር አዘጋጀ፦ ጨረቃ ላይ የቆመ ሰው ሰማዩ እንዴት ይታየዋል?

ጥያቄው የልጅ ጨዋታ ይመስላል፤ አይደለም። ኮፐርኒከስ መሬት በፀሐይ ዙሪያ ትዞራለች የሚለውን መጽሐፉን ካሳተመ ገና ሃምሳ ዓመቱ ነበር። አብዛኛው ምሁር አልተቀበለውም። የተቃዋሚዎቹ ዋና መልስ ቀላል ነበር፦ «መሬት ብትንቀሳቀስ አይሰማንም ነበር? ይኸው ቆመናል፤ የሚዞረው ሰማዩ ነው።»

ኬፕለር በዚህ መልስ ላይ በጎን ዞሮ መጣበት። ጨረቃ እንደምትንቀሳቀስ የሚጠራጠር ሰው የለም። እሷ ላይ የሚኖር ፍጡር ቢኖር ግን መንቀሳቀሷ አይሰማውም። እሱም እንደ እኛው «አገሬ ቆማለች፤ የሚዞረው ያ ከላይ ያለው ትልቅ ነገር ነው» ይላል። «ያ ትልቅ ነገር» ደግሞ እኛ ነን። እንግዲህ «አይሰማኝም» ማለት ማስረጃ መሆኑ ያበቃል።

ክርክሩ አልተካሄደም። መድረኩን የሚመሩት ፕሮፌሰር ፋይት ሙለር የኮፐርኒከስ ተቃዋሚ ስለነበሩ ከለከሉት። ወረቀቱ ከኬፕለር ጋር ዓመታት ቆየ። በ1609 ግን ኬፕለር በፕራግ የንጉሠ ነገሥቱ የዳግማዊ ሩዶልፍ ሒሳብ ሊቅ ሆኖ ሳለ ያንኑ ጥያቄ አወጣውና ተረት አደረገው። በጉባኤ የተከለከለውን በሕልም አስገባው። ሰምና ወርቅ ለለመደ ሕዝብ ይህ ዘዴ እንግዳ አይሆንበትም።

ሌቫኒያ

ታሪኩ ባጭሩ እንዲህ ነው። ተራኪው መጽሐፍ ሲያነብ አምሽቶ እንቅልፍ ይጥለዋል፤ በሕልሙም ሌላ መጽሐፍ ያነባል። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ዱራኮቱስ የሚባል የአይስላንድ ልጅ አለ። እናቱ ፊዮልክስሂልድ ዕፅዋት ለቅማ፣ በትንንሽ ከረጢት ቋጥራ ለመርከበኞች የምትሸጥ ሴት ናት። ልጁ አንዱን ከረጢት ቀዶ ስላበላሸባት ተቆጥታ ለመርከብ አዛዥ አሳልፋ ትሰጠዋለች። ዴንማርክ ደርሶ ታይኮ ብራሄ ከተባለው ሊቅ ዘንድ ለዓመታት ስለ ከዋክብት ይማራል። ታይኮ እውነተኛ ሰው ነው፤ ኬፕለር ራሱ በፕራግ አብሮት ሠርቷል።

ልጁ ሲመለስ እናቱ በደስታ ተቀብላ ምስጢሯን ታወጣለታለች። እሷም ሰማዩን ታውቀዋለች፤ ያወቀችው ግን በትምህርት ሳይሆን ጠርታ ከምታናግረው መንፈስ ነው። መንፈሱም ይመጣና ስለ ሌቫኒያ ያወራል። ሌቫኒያ ጨረቃ ናት፤ ስሟን ኬፕለር የወሰደው ከዕብራይስጥ ነው።

ሌቫኒያ ከእኛ 50,000 የጀርመን ማይል ትርቃለች ይላል መንፈሱ። አንድ የጀርመን ማይል ሰባት ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ ነው፤ አባዙት። ዛሬ ከሚታወቀው አማካይ ርቀት፣ ከ384,000 ኪሎ ሜትር፣ ብዙም አይርቅም። መንገዱ ቀዝቃዛ ነው፤ መተንፈስም ያስቸግራል፤ ስለዚህ ተጓዡ በመድኃኒት ይተኛል፣ አፍንጫውም ላይ እርጥብ ስፖንጅ ይደረጋል። ለጉዞው የሚመቹትም ቀጫጭን ሰዎች ናቸው፤ በተለይ በሌሊት ፍየል መጋለብ የለመዱ ደረቅ አሮጊቶች። ይቺን ቀልድ ያዙልኝ፤ እንመለስባታለን።

ከዚህ በኋላ ያለው የመጽሐፉ ልብ ነው። ኬፕለር የቀየረው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ተመልካቹ የቆመበትን ቦታ። የቀረውን ሒሳቡ ራሱ አመጣው።

ጨረቃ ሁልጊዜ አንድ ፊቷን ብቻ ወደ እኛ ታዞራለች። ስለዚህ ሌቫኒያ ሁለት አገር ሆነች። ወደ እኛ በዞረው ወገን ያሉት ሰብቮልቫውያን ናቸው፤ ጀርባው ላይ ያሉት ፕሪቮልቫውያን። ቮልቫ የተባለችው ምድራችን ናት፤ «የምትዞረዋ» እንደ ማለት። የመጀመሪያዎቹ ቮልቫን ሁልጊዜ ያያሉ፤ ሁለተኛዎቹ በዕድሜ ልካቸው አያይዋትም። አንድ መዓልትና አንድ ሌሊት ተደምረው ከእኛ አንድ ወር ጋር እኩል ናቸው፤ ፀሐይ ሁለት ሳምንት ታበራለች፣ ሁለት ሳምንት ትጠፋለች። በእኛ 19 ዓመት ውስጥ ለእነሱ ፀሐይ የምትወጣው 235 ጊዜ ነው። ባሕረ ሐሳብ የሚያውቅ ሰው ይቺን 19 ወዲያው ይለያታል፤ ሊቃውንቶቻችን ንዑስ ቀመር የሚሏት፣ አጽዋማትና በዓላት የሚሰሉባት የፀሐይና የጨረቃ መገናኛ ናት። ልብ ወለዱን ያቆመው የሒሳብ ምሰሶ ይህን ያህል የታወቀ ነገር ነው።

ሰብቮልቫው ቀና ሲል ቮልቫ ባለችበት ተሰቅላ ያገኛታል። አትወጣም፣ አትጠልቅም፤ ቦታዋን ሳትለቅ ትሞላለች፣ ትጎድላለች። ስፋቷ እኛ ከምናያት ጨረቃ አራት እጥፍ ሊሆን ጥቂት የቀረው ነው። በራሷ ላይ ስትሽከረከር ነጠብጣቦቿ ይታያሉ፤ ሰዎቹም እንደ ሰዓት ይቆጥሩባታል። ከነጠብጣቦቹ አንዱ እስከ ትከሻው የተቆረጠ የሰው ራስ ይመስላል፤ ረጅም ቀሚስ የለበሰች ልጃገረድን ሊስም ያጎነበሰ። ኬፕለር ምን ማለቱ እንደሆነ ራሱ ፈትቶታል፦ ራሱ አፍሪካ ናት፣ ልጅቷ አውሮፓ ናት። በዚያ ዘመን ከአውሮፓ ጠረጴዛ ሆኖ አፍሪካንና አውሮፓን እኩል ትንንሽ ነጠብጣብ አድርጎ ያየ ስንት ሰው ነበር?

ከጀርባ ያሉት ፕሪቮልቫውያን ኑሯቸው ከባድ ነው። በሌሊት የቮልቫ ብርሃን ስለማይደርሳቸው በበረዶ ይደርቃሉ፤ ሲነጋ ደግሞ ሙቀቱ፣ በእሱ ግምት፣ ከአፍሪካ ሙቀት አሥራ አምስት እጥፍ ይበልጣል። ስለዚህ ፍጡራኑ ግዙፍ፣ ዕድሜያቸው አጭር፣ ከዋሻ ወደ ዋሻ የሚሰደዱ ናቸው። ቆዳቸው እንደ ዛፍ ቅርፊት ነው። ኬፕለር ደስ ስላለው ጭራቅ አልሳለም፤ እንዲህ ባለ ሰማይ ሥር የሚኖር ነገር ምን ዓይነት ገላ ያስፈልገዋል ብሎ ነው የጠየቀው።

በዘመናችን ለልብ ወለድ ሰማይ የሚሠሩ ጸሐፊዎች የያዙት ይህንኑ መንገድ ነው። አይዛክ አሲሞቭ በ1941 ባሳተመው «ናይትፎል» ስድስት ፀሐይ ያላት ፕላኔት ፈጠረ፤ ሌሊት የሚመጣው በ2,049 ዓመት አንዴ ስለሆነ ሕዝቡ ጨለማ ሲያይ ያብዳል። ቻይናዊው ሊዩ ሲሺን ሦስት ፀሐዮች የሚጎትቱት ዓለም ሠራ፤ ነጋቸውን መተንበይ ያልቻሉ ሕዝቦች ሥልጣኔያቸው ይፈርሳል፣ እንደገና ይነሣል። ሰማዩ ሲቀየር ሰዉ፣ ፍርሃቱና ታሪኩ አብሮ ይቀየራል። ይህን በር በሒሳብ ቁልፍ ቀድሞ የከፈተው ኬፕለር ነው። እሱ ራሱ ግን ዋጋ ከፈለበት።

ከአፍ የወጣ አፋፍ

በ1611 የመጽሐፉ የእጅ ጽሑፍ ግልባጭ ከፕራግ ወጣ። ኬፕለር በኋላ እንደጻፈው ወሬው ወደ ትውልድ አገሩ ደርሶ በፀጉር አስተካካዮች ቤት ሳይቀር ይወራ ጀመር። በዛሬ ቋንቋ «ፎርዋርድ» ተደረገ ማለት ነው።

አሁን መጽሐፉን በዚያ ሰፈር ሰው ዓይን እንየው። ተራኪው የታይኮ ተማሪ ነው፤ ኬፕለርም ከታይኮ ጋር ሠርቷል። የተራኪው እናት ዕፅዋት የምትለቅም አሮጊት ናት፤ የኬፕለር እናት ካታሪናም በሌዎንበርግ ከተማ ዕፅዋት ቀምማ የምትሰጥ ባልቴት ናት። በመጽሐፉ ውስጥ እናትየው መንፈስ ትጠራለች። በሌሊት ፍየል የምትጋልብ አሮጊት ደግሞ በዚያ ዘመን የጠንቋይ ሥዕል ናት። ጸሐፊው እየቀለደ ነበር። ቀልዱን ያልገባው ሰው ግን «ልጇ ራሱ መሰከረባት» ለማለት ምን ይቀረዋል?

በ1615 ኡርሱላ ራይንቦልድ የተባለች የመስታወት ሠሪ ሚስት «ካታሪና መራራ መጠጥ አጠጥታ አሳመመችኝ» አለች። በዚያው ጊዜ አካባቢ በከተማዋ ሌሎች ሴቶች በጥንቆላ ተወንጅለው ተገድለዋል። ቤተሰቡ በስም ማጥፋት ከሰሰ፤ ነገሩ ግን ተገለበጠ። ያመመው ሁሉ፣ ከብቱ የሞተበት ሁሉ ያለፈውን እያስታወሰ መጣ። ካታሪና በአንድ ወቅት መቃብር ቆፋሪውን የአባቷን ራስ ቅል አውጥቶ እንዲሰጣት ጠይቃ ነበር፤ በብር አስለብጣ ለልጇ ጽዋ ልታደርገው። ይህም በክሱ ገባ። ነሐሴ 7 ቀን 1620 በሌሊት ከሴት ልጇ ቤት በሣጥን ውስጥ ተደርጋ ተወሰደች። ዕድሜዋ ሰባ ዓመት አልፎ ነበር። አሥራ አራት ወር ታሰረች።

እዚህ ላይ ፍትሐዊ እንሁን። የክሱን መዝገብ ያጠኑ የታሪክ ሰዎች ነገሩ የተነሣው በዋናነት ከጎረቤት ጠብና ከአካባቢው ባለሥልጣን ጥላቻ መሆኑን ነው የሚያሳዩት፤ መጽሐፉ ለክሱ ምክንያት ሆነ የሚለውን አይቀበሉትም። ኬፕለር ግን በራሱ ፈርዷል። ልጅ ነው፤ እናቱ ናት። እኔ የእሱን ጸጸት እንደ ማስረጃ አልወስደውም፤ ጸጸቱ ግን ስለ ወሬ ምንነት የሚነግረን አለው። የወጣች ቃል የትኛው ጆሮ ውስጥ ምን ሆና እንደምታድር የተናገራት ሰው አያውቅም።

አንዱ ጥበብ ለሁለት ሥራ

ኬፕለር ሥራውንና ቤተሰቡን ይዞ ከሊንዝ ተነሣ። የሠላሳ ዓመቱ ጦርነት ከተጀመረ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ መንገዱ ሰላም አልነበረም። ደርሶም የመከላከያውን ጽሑፍ በማዘጋጀት በቀጥታ ተሳተፈ። ጽሑፉ ከመቶ ገጽ ይበልጣል።

ያን መከላከያ ሳስብ የሚገርመኝ ዘዴው ነው። አንድ የትምህርት ቤት መምህር «የሰጠችኝን ጠጥቼ ሽባ ሆንኩ» ብሎ ነበር፤ ኬፕለር ሰውየው ሸክም ይዞ ቦይ ሲዘል መጎዳቱን አሳየ። አንዲት ልጅ «በመንገድ ስታልፍ ነክታኝ ክንዴ ደነዘዘ» ብላ ነበር፤ ልጅቷ ከባድ ጡብ ተሸክማ እንደነበር ጠቆመ። ለእያንዳንዱ ክስ አንድ ጥያቄ አነሣ፦ ይህ የታየው ነገር እውነት ቢሆን እንኳ ሌላ መነሻ ሊኖረው አይችልም ወይ? ያየኸውን አልክድህም፤ ከቆምክበት ቦታ እንደዚያ ይታያል፤ ከሌላ ቦታ ስናየው ግንስ?

ይህ የሌቫኒያ ጥበብ ነው። በጨረቃ ላይ የሠራው ዓለም ያስተማረው ይህንኑ ነው፦ «እኔ ቆሜያለሁ፣ የሚዞረው እሱ ነው» የሚለው ስሜት ሁሉም ዘንድ አለ፤ ስለዚህ ለማንም ማስረጃ አይሆንም። በወጣትነቱ ለሰማይ ያበጀውን ዘዴ በሃምሳ ዓመቱ ለእናቱ ነፍስ ተጠቀመበት።

በመስከረም 1621 ካታሪናን ወደ ማሠቃያው ክፍል አስገቧት። አሠቃዩ መሣሪያዎቹን እያሳየ አስፈራራት። ይህች ያልተማረች አሮጊት የምናዘዘው ነገር የለኝም ብላ ጸናች። በሕጉ መሠረት ይህ ነፃ አወጣት። በስድስት ወሯ ገደማ፣ በሚያዝያ 1622 ሞተች።

ሌላ ሰው ቢሆን መጽሐፉን ያቃጥለው ነበር። ኬፕለር ግን ማብራሪያ ጨመረበት፤ 223 ማብራሪያ። ከታሪኩ ይልቅ ማብራሪያው በብዙ ይረዝማል። የቱ ቀልድ እንደሆነ፣ የቱ ስሌት እንደሆነ፣ መንፈሱ ማንን እንደሚወክል እየነቀሰ ጻፈ። የእናትየዋንም ትርጉም ሰጠ፦ ፊዮልክስሂልድ ያልተማረ የኑሮ ልምድ ናት፤ ከእሷም ሳይንስ ይወለዳል። ከእስር ቤት ሰንሰለት በኋላ ስትነበብ ይቺ ማብራሪያ ከይቅርታ ጋር ትመሳሰልብኛለች።

ኬፕለር መጽሐፉ ታትሞ አላየም። በኅዳር 1630 ሞተ። ኅትመቱን የቀጠለው አማቹም ሳይጨርሰው ሞተ። በ1634 ልጁ ሉድቪግ ችግር ላይ ለወደቀችው መበለት እንዲረዳ ብሎ አሳተመው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሁላችንም እናውቃለን። በ1968 በአፖሎ 8 ጨረቃን የዞሩ ሰዎች ምድርን ከጨረቃ በላይ ፎቶ አነሡ፤ ኬፕለር በሒሳብ ያያትን ቮልቫን ማለት ነው። በ2009 ሌሎች ፀሐዮችን የሚዞሩ ፕላኔቶችን የሚፈልግ ቴሌስኮፕ ወደ ሕዋ ተላከ፤ ስሙ ኬፕለር ተባለ። በ2011 ያ ቴሌስኮፕ ሁለት ፀሐይ የምትዞር ፕላኔት አገኘ። ከ34 ዓመት በፊት «ስታር ዋርስ» ፊልም ላይ ሁለት ፀሐይ ሲጠልቅ ያየ ሰው ሁሉ ነገሩ ተረት መስሎት ነበር።

ወደ ስልካችን

አሁን ወደ ራሳችን። «ቡዳ ናት» የተባለች ሸክላ ሠሪን፣ «መተተኛ ናት» የተባለች መድኃኒት አዋቂን የማያውቅ ሰፈር በአገራችን አለ? ሌዎንበርግ ሩቅ አይደለችም። ዛሬ ደግሞ ፀጉር አስተካካዩ ቤት ኪሳችን ውስጥ ገብቷል። አንድ ሰው በምሳሌ የተናገረው ተቆርጦ ይወጣል፤ ስክሪንሾት ይሆናል፤ በማታው ምስክርነት ሆኖ ሰው ይከሰስበታል፣ ከዚያም የባሰ ይደርስበታል። የተረጎመው ሰው አይዋሽ ይሆናል፤ ከቆመበት ቦታ እንደዚያ ታይቶት ይሆናል። ሌዎንበርግም ውስጥ የመሰከሩት ሁሉ ውሸታሞች አልነበሩም። ክንዷ የደነዘዘው ልጅ እውነትም ክንዷ ደንዝዞ ነበር።

ልብ ወለድ ዓለም መፍጠር የሥራ ፈት ጨዋታ ነው ለሚል ሰው መልሴ ይህ ነው። ሰማይን ከሌላ ቦታ ማየት የለመደ ጭንቅላት ጎረቤቱንም ከሌላ ቦታ ማየት ይቀለዋል። ልጆቻችን ተረት ሲጽፉ፣ ሦስት ፀሐይና አምስት ጨረቃ ሲስሉ «ይልቅ ትምህርትህን አጥና» ከማለታችን በፊት «እዚያ የሚኖረው ሰው እኛን ሲያይ ምን ይለናል?» ብለን እንጠይቃቸው። ቱቢንገን የከለከለው ትምህርት ይኸው ነበር።

አንድ ነገር ነግሬያችሁ ልሰናበት። በ1577 በአውሮፓ ሰማይ ላይ ትልቅ ጅራታም ኮከብ ታየ። ኬፕለር ያኔ ስድስት ዓመት አልሞላውም። እጁን ይዛ ወደ ከፍታ ቦታ አውጥታ ኮከቡን ያሳየችው እናቱ ካታሪና ነበረች።

ሰላም እደሩ።